«ቀኑ ደርሶ ነው» ብለን የምናልፈው ሞት

ከሕንፃ ላይ ወድቆ ለሞተ ወጣት ለቅሶ ስንደርስ «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። አጀል በአላህ እጅ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሰበብ ማድረስ ግን የእኛ ፈንታ ነው። ይህንንም ያለፈው ታሪክ ያስረዳናል።

እ.ኤ.አ. በ1911 በኒውዮርክ ከተማ ትራያንግል በተባለ የልብስ ፋብሪካ እሳት ተነሣ። አንዱ መውጫ ተቆልፎ ነበርና 146 ሠራተኞች አለቁ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግዛቲቱ ስለ እሳት መውጫና ስለ ፋብሪካ ቁጥጥር ሕግ በላይ በላዩ አወጣች። በመላ አሜሪካ በ1970 በቀን 38 ያህል ሠራተኞች በሥራ ላይ ይሞቱ ነበር። በዚያው ዓመት የሥራ ደህንነት ሕግ ወጣ፤ በ2022 ቁጥሩ ወደ 15 ወረደ፤ ያውም የሠራተኛው ብዛት እጥፍ ያህል ጨምሮ። ታዲያ አጀል ተለወጠን? አይደለም፤ በር ተከፈተ፣ ማሽን ተከለለ፣ ሟች ተቆጠረ።

ሰበቡ ሲጓደል ደግሞ የሚሆነውን በባንግላዴሽ አየን። በ2013 የራና ፕላዛ ሕንፃ መሰንጠቁ ከዋዜማው ታይቶ ሳለ የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ እንዲገቡ ተደረገ፤ ሕንፃው ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ።

የእኛይቱ ሀዋሳም ለዚሁ ለልብስ ስፌት ሥራ የኢንዱስትሪ ፓርኳን በሐምሌ 2008 ዓ.ም. አስመረቀች። ነገር ግን ከፓርኩ አጥር ውጪ ያለውን ተመልከቱ፤ በአጣናና በምስማር በተያያዘ መወጣጫ ላይ ያለ ቀበቶ፣ ያለ ቆብ ሲሚንቶ የሚያመላልሰው የሰው ልጅ ነው።

ሕግስ ጠፍቶ ነውን? አዋጅ ቁጥር 64/1968፣ 42/1985፣ 377/1996 ነበሩን፤ አሁን ደግሞ 1156/2011 አለን። በዚህ ሕግ መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። አደጋውንም መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ አለበት። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ስሙ በየትም ያልሰፈረ የቀን ሠራተኛ ሲሞት ግን ባለቤቱና ልጆቹ በምን ያስረዳሉ? ጉዳዩ በከፈንና በድንኳን ወጪ ይዘጋል፤ ሟቹም ሳይቆጠር ይቀራል።

ስለዚህ ልጃችሁ የቀን ሥራ ሲገባ አሠሪው ማን እንደሆነና ደመወዙ ስንት እንደሆነ በምስክር ፊት ያዙ። ቤት የምታሠሩም ወገኖች ሆይ፣ ለበርና ለመስኮት ዋጋ እንደምትከራከሩ ሁሉ ለመወጣጫው ጥንካሬም ተከራከሩ። በእርሱ ላይ የሚቆመው የሌላ ሰው ልጅ ነውና።