የተጫዋች ጉልበትና የጉልበት ሥራ

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ግንባታ ላይ የሳይት መሐንዲስ ሆኜ ስሠራ፣ አንድ ፌራዮ ከሁለተኛው ፎቅ ርብራብ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ሰውየው ዕድሜው አርባን የተሻገረ፣ በቶንዲኖ ሥራው የተመሰገነ፣ በወጣትነቱ ግን በአንድ ታዋቂ የእግር ኳስ ክለብ ውስጥ ይጫወት የነበረ ሲሆን፣ ሠራተኞቹ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚጠሩት በሜዳ ስሙ ነበር። ሐኪም ቤት ሄጄ ስጠይቀው፣ «ኢንጂነር፣ እግሬ አልሳተም፤ ጉልበቴ ነው የከዳኝ» አለኝ። የቀኝ ጉልበቱ በጨዋታ ላይ ተጎድቶ ተገቢውን ሕክምና ሳያገኝ በመቅረቱ፣ አንዳንድ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ይቆለፍበት እንደ ነበር የሰማሁት በዚያን ዕለት ነው።

ወደ ቢሮ ተመልሼ የአደጋውን ቅጽ ሞላሁ። «የአደጋው ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ «የሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት» ብዬ ጻፍኩ። የርብራቡ ጠርዝ መከላከያ አግዳሚ እንዳልነበረው አውቅ ነበር። ስለ ጉልበቱም ሰምቻለሁ። ቅጹ ግን ስለ ቀድሞ ሥራና ስለ ቀድሞ ጉዳት አይጠይቅም ነበር፤ እኔም ያልተጠየቅሁትን አልጻፍኩም።

ቋንቋችን የእግርን መገጣጠሚያና ሠርቶ አደሩ ለደመወዝ የሚያቀርበውን ኃይል በአንድ ቃል «ጉልበት» ብሎ ይጠራል። የዚያ ፌራዮ ጉልበት በሁለቱም ትርጉም ሁለት አሠሪዎችን አገልግሏል። ጉዳቱ የየትኛው ነው የሚለው ጥያቄ አልለቅህ ስላለኝ፣ ኳስ መጫወት ከማንም ቀድሞ የደመወዝ ሥራ ወደ ሆነበት ወደ እንግሊዝ አገር ታሪክ መለስ ብዬ ለማየት ተገደድሁ።

የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ለተጫዋች ደመወዝ መክፈልን በሕጋዊነት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ለደመወዝ የሚጫወቱት ሰዎች በብዛት ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ፣ ከሽመና ፋብሪካና ከባቡር መሥመር የመጡ ነበሩ። በዘመኑ ዝናው እጅግ የገነነው ዌልሳዊው ቢሊ ሜሬዲት በቸርክ ከተማ የከሰል ማዕድን ውስጥ ሥራ የጀመረው ገና በልጅነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ደግሞ የተጫዋች ደመወዝ በሳምንት ከ4 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ሜሬዲትና ጓደኞቹ በ1907 በማንቸስተር የተጫዋቾችን የሠራተኛ ማኅበር ያቋቋሙት ይህ ጣሪያ በላያቸው ላይ ሳለ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ግን አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ዎከር የተባለ ተጫዋች ለክሪስታል ፓላስ ክለብ ሲጫወት ጉልበቱን ተጎዳ። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1906 የሠራተኞች ካሣ ሕግ በሥራ ላይ አደጋ ለደረሰበት ሠራተኛ አሠሪው ካሣ እንዲከፍል ያስገድድ ስለ ነበር፣ ዎከር በዚሁ ሕግ መሠረት ካሣ ጠየቀ። ክለቡ በበኩሉ፣ ተጫዋች በራሱ ችሎታና ፍርድ የሚጫወት ባለ ተሰጥኦ እንጂ በአሠሪ ትእዛዝ የሚንቀሳቀስ ሠራተኛ አይደለም ሲል ተከራከረ። በ1910 የፍርድ ሪፖርቶች ውስጥ የታተመው የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔ የክለቡን ክርክር አልተቀበለውም። ተጫዋቹ በልምምድ የክለቡን ደንብ፣ በጨዋታ ደግሞ የአምበሉን ትእዛዝ የመፈጸም ግዴታ አለበት፤ ችሎታ ያለው መሆኑም ከሠራተኝነት አያወጣውም፤ ስለዚህ በሕጉ አነጋገር ሠራተኛ ነው ሲል ወሰነ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለተመልካች መዝናኛ የሆነው ነገር፣ ለሚከፈልበት ሰው የሥራ ቀን ነው ማለት ነው። ክርክሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ አናጺውና ብየዳ ሠራተኛው «ባለሙያ ነው፣ በራሱ ኃላፊነት ይሠራል» እየተባለ ከመድን ውጭ ሲደረግ ስንት ጊዜ ሰምተናል።

ይሁን እንጂ ይህ ውሳኔ ጥቅሙ ትልቅ ቢሆንም፣ የሚያየው አደጋውን ብቻ ነበር። ቀንና ሰዓት ያለው፣ ምስክር ያየው መሰበር ይካሣል፤ በአሥርና በአሥራ አምስት ዓመት ቀስ በቀስ የሚመጣው መበላት ግን ቀን የለውም። ተጫዋቹም በሠላሳ አምስት ዓመቱ ከክለቡ ሲሰናበት፣ ያን ያልተመዘገበ ጉዳት ይዞ ወደ ሌላ አሠሪ ይሄዳል።

የደመወዙ ጣሪያ በየጊዜው ከፍ እያለ 20 ፓውንድ ደርሶ፣ በጂሚ ሂል የሚመራው የተጫዋቾች ማኅበር የሥራ ማቆም አድማ በማስጠንቀቁ በጥር 1961 እ.ኤ.አ. ተነሣ። ከዚያ በፊት የነበሩት ዝነኞች ሁለተኛ ሙያ ይዘው መኖራቸው የሚያስገርም አልነበረም። ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን 76 ጊዜ የተሰለፈው ቶም ፊኒ፣ አባቱ ሙያ ሳይማር ኳስን ኑሮው እንዳያደርግ ስለ ከለከሉት የቧንቧ ሥራ ተምሮ፣ እየተጫወተም ከጨዋታ ወጥቶም በዚያው ሙያ ሠርቷል። የ1966ቱን የዓለም ዋንጫ ያነሣው ተከላካይ ሬይ ዊልሰን በወጣትነቱ ሌሊት በባቡር ሐዲድ ላይ እየሠራ ቀን ይለማመድ ነበር፤ ጫማውን ከሰቀለ በኋላም በሀደርስፊልድ ከተማ የቀብር አስፈጻሚነት ሥራ ያዘ። በእርጅናውም የመርሳት በሽታ ያዘው።

የጄፍ አስትል ታሪክ ግን ጉዳዩን ከሁሉም አጉልቶ ያሳያል። አስትል በ1968 የእንግሊዝ ዋንጫ ፍጻሜ ለዌስት ብሮምዊች አልቢዮን ብቸኛዋን ግብ ያገባ፣ በተለይም በራሱ በሚመታቸው ኳሶች የታወቀ አጥቂ ነበር። የደመወዝ ጣሪያው ከተነሣ በኋላ የተጫወተ ቢሆንም፣ ከኳስ ሲወጣ ኑሮውን ያደረገው መስኮት በማጠብ ነው። በ1970 የዓለም ዋንጫ ከብራዚል ጋር ሲጫወቱ የሳታትን ኳስ እያስታወሰ፣ እርሱ የመስኮት ማዕዘን እንደማይስት በመኪናው ላይ ጽፎ ነበር ይባላል። መስኮት አጣቢ ማለት ቀኑን ሙሉ መሰላል የሚወጣና የሚወርድ ሰው ነው። የመሰላል ሥራ የሚጠይቀው ጤነኛ ጉልበት፣ የተስተካከለ ሚዛንና ንቁ አእምሮ ሲሆን፣ የኳስ ሥራ አስቀድሞ የሚወስደውም እነዚህኑ ነው።

አስትል ገና በሃምሳዎቹ ውስጥ ሳለ አእምሮው መድከም ጀመረና በጥር 2002 እ.ኤ.አ. በ59 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የአሟሟት ምክንያት መርማሪ ሹሙ፣ ሞቱ በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ ውጤት ነው ሲል ወሰነ፤ ለዓመታት ከባድ ኳስ በራስ መምታቱ አንጎሉን ጎድቶታል ማለት ነው። በ2014 የአንጎል በሽታዎች ተመራማሪው ዊሊ ስቱዋርት ናሙናውን እንደገና መርምሮ፣ በቦክሰኞች ዘንድ የሚታወቀውን ከተደጋጋሚ ምት የሚመጣ የአንጎል በሽታ አገኘበት። ከዎከር ጉልበት እስከ አስትል ራስ ድረስ ከ90 ዓመት በላይ አልፏል፤ ቀን የሌለው ጉዳት በመዝገብ ላይ «የሥራ» ተብሎ ለመጻፍ ይህን ያህል ጊዜ ወስዷል።

ለእኛ ለመሐንዲሶች ነገሩ ከቶ አዲስ ሊሆን አይገባም። በደንቡ መሠረት ኳስ ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል፤ ይህ ልክ በመሠረቱ ከ1937 እ.ኤ.አ. ወዲህ አልተለወጠም፤ የድሮው የቆዳ ኳስ ግን ዝናብ ሲመታው ውኃ እየመጠጠ ይከብድ ነበር። ባለ 430 ግራም ደረቅ ኳስ በሴኮንድ 20 ሜትር መጥታ በሴኮንድ 10 ሜትር ብትመለስና ግንባርን የምትነካው ለአንድ መቶኛ ሴኮንድ ቢሆን፣ አማካይ ኃይሉ 1,290 ኒውተን ገደማ፣ ማለትም የ130 ኪሎ ሸክም ያህል ይሆናል። አንድ ጊዜ ቢሆን የሚጎዳ አይመስልም። ነገር ግን ብረት ከመስበሪያው ልክ በታች በሆነ ጭነትም ቢሆን፣ ጭነቱ በብዙ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ዝሎ እንደሚሰነጠቅ በትምህርት ቤት ተምረናል፤ ኮሜት የተባሉት የእንግሊዝ ጄት አውሮፕላኖች በ1954 እ.ኤ.አ. ከሰማይ የወደቁት በዚሁ ምክንያት ነው። አንጎል ብረት አለመሆኑን አልዘነጋሁም። የድልድይን መዛል አስልተን፣ የሰውን መዛል «የጥንቃቄ ጉድለት» ብለን ማለፋችን ግን ይቆረቁረኛል።

በ2019 እ.ኤ.አ. ስቱዋርትና ባልደረቦቹ የ7,676 የቀድሞ የስኮትላንድ ተጫዋቾችን የሞት መዝገብ ከሌላው ሕዝብ ጋር አነጻጽረው፣ ተጫዋቾቹ አንጎልን በሚያመነምኑ በሽታዎች የመሞታቸው ዕድል ሦስት ተኩል እጥፍ ያህል መሆኑን አሳተሙ። በልብ በሽታና በሳንባ ካንሰር ግን የሚሞቱት ከሌላው ሰው ባነሰ መጠን ነበር። ጥናቱ እያንዳንዱ ሰው ስንት ኳስ በራሱ እንደ መታ አልቆጠረም፤ ስለዚህ ምክንያቱን በራሱ አያረጋግጥም። ይሁንና በ2021 የወጣው ተከታይ ጥናት፣ ጭማሪው በተከላካዮች ላይ ከፍተኛ ሲሆን ኳስን በእጃቸው በሚይዙት በረኞች ላይ ግን ከሌላው ሕዝብ ያልተለየ መሆኑን አሳይቷል።

በአገራችን ጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ በሙያው መካኒክ ነበር፤ በኋላም ወደ ኢጣልያ ተሰዶ በዚሁ ሙያ ኖረ። በዚያ ዘመን ከነበሩን ቡድኖች ብዙዎቹ የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት ነበሩ፤ የድሬዳዋ ጥጥ፣ ቴሌ፣ መብራት ኃይል የሚሉት ስሞች ይህን ይመሰክራሉ። ተጫዋችነትና ሠራተኝነት በአንድ የደመወዝ መዝገብ ላይ ሲገናኙ፣ ጉልበቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ቢያንስ በአንድ ቤት ውስጥ ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ። ዛሬ ክለቡና ኮንትራክተሩ አይተዋወቁም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት ስለሚመጣ በሽታም ይደነግጋል፤ አሥር ዓመት ሙሉ የተጎዳን ጉልበት ይዞ አዲስ አሠሪ ዘንድ የሚቀርብን ሰው ግን ማን ይጠይቅለታል?

እኔ በምመራቸው ሳይቶች በመቅጠሪያ ቅጹ ላይ «የቀድሞ ሥራና ጉዳት» የሚል መስመር አስገብቻለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው በዚያ መስመር ላይ «ኳስ፣ 9 ዓመት፤ ግራ ጉልበት» ብሎ ጻፈ። ከርብራብ አውርጄ መሬት ላይ ባለው የቶንዲኖ ማጠፊያ ጠረጴዛ መደብሁት። በማግስቱ ከፎርማኑ ጋር ቢሮዬ መጥቶ አቤት አለ፤ ፎቅ ላይ የሚሠራው የቀን ሒሳብ ይበልጣልና፣ ባይጽፈው ይሻለው እንደ ነበር ነገረኝ።