ቀለሙ ያለው ማሰሪያው ላይ ነው፦ የኪሞኖ ጫማ ታሪክ

ኪሞኖን ብዙዎቻችን በፊልምም በፎቶም አይተነዋል። ዓይናችን የሚያርፈው ግን ሐሩ ላይ ነው። እኔ ዛሬ ወደ እግሩ ዝቅ ብላችሁ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ፤ የብዙ ሴት ጉልበት የተደበቀው እዚያ ነው።

ከኪሞኖ ጋር በዋናነት ሁለት ዓይነት ጫማ ይደረጋል። ዞሪ የሚባለው ጠፍጣፋ ነው፤ ጥንት ከሩዝ ገለባ ይጎነጎን ነበር፣ ዛሬ በቆዳ ወይም በጨርቅ ይለበጣል። ሌላው ከእንጨት የሚሠራው ጌታ ነው። (ስሙ ከእኛ ቃል ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው፤ ይህኛው ጌታ ሰው ተሸክሞ ይውላል።) በጥንቱ አሠራር ጌታ ግራና ቀኝ የለውም፤ እያቀያየሩ ካደረጉት እኩል ያልቃል።

ውበቱ ያለው ሃናኦ በሚሉት ማሰሪያ ላይ ነው፤ በአውራ ጣትና በቀጣዩ ጣት መካከል ገብቶ ወደ ግራና ቀኝ የሚከፈል፣ ውስጡ ተሞልቶ የተሰፋ ጨርቅ። በደንበኛው ሱቅ ገዢዋ ሶሉን ለብቻ፣ ማሰሪያውን ለብቻ ትመርጣለች፤ ባለሙያው እግሯን እያየ እዚያው ያስርላታል። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝና መጀመሪያ የታየኝ ስሌቱ ነው። 10 ዓይነት ሶልና 20 ዓይነት ማሰሪያ ያለው ሱቅ 200 ዓይነት ጫማ ማቅረብ ይችላል፤ መደርደሪያ ላይ የሚተኛው ገንዘብ ግን ጥቂት ነው። ማሰሪያው ሲያልቅ ስለሚቀየር ደንበኛዋም ተመልሳ ትመጣለች።

ቀለሙ ወግ አለው። ለሠርግ ወርቃማ፣ ብርማ ወይም ነጭ ዞሪ ይደረጋል። በኪዮቶ የጌሻ ሙያ የምትማር ማይኮ ሥራ ስትጀምር የከፍታ ጫማዋ ማሰሪያ ቀይ ነው፤ በሙያዋ ስትገፋ ይለወጣል።

በቶኩጋዋ ሾጉኖች ዘመን (እ.ኤ.አ. 1603–1868) የነጋዴ ቤተሰብ ገንዘብ እንጂ ማዕረግ አልነበረውም። በ1683 መንግሥት ለሴቶች ልብስ የወርቅ ሥራንና ጥልፍን ከለከለ። ሰዉም ከላይ ቡናማና ግራጫ ለብሶ ጌጡን ወደ ገበሩና ወደ ትንንሽ ዕቃዎች አሸሸው። ቁራጭ ጨርቅ ለሚበቃው ሃናኦ ይህ የተመቸ ነበር። ማሰሪያ መስፋት ደግሞ በየቤቱ በተሠራው ቁጥር ልክ የሚከፈልበት ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። የሱቁ ስም ይቀራል፣ የሰፊዋ አይቀርም፤ ይህ ያበሳጨኛል።

ከእነዚያ መርፌ ካነሡ ሴቶች መካከል ስሟ የቀረ አንዲት አለች። በ1872 የተወለደችው ደራሲ ሂጉቺ ኢቺዮ አባቷ ሲሞት ገና ወጣት ሳለች የቤቱ ኃላፊ ሆነች። ከእናቷና ከታናሽ እህቷ ጋር እየሰፋችና ልብስ እያጠበች ኖረች፤ በ1893 ቶኪዮ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ከፈተች፣ አላዋጣትም። «ታኬኩራቤ» በተሰኘው ድርሰቷ አንድ ልጅ በዝናብ የጌታው ማሰሪያ ይበጠስበታል። ከቤት ሆና ያየችው ልጅ እንዲያስርበት ቀይ ቁራጭ ሐር ትወረውርለታለች፤ እሱ አፍሮ አያነሣውም፣ ሐሩ ጭቃ ላይ ይቀራል። እንዲህ የምትጽፈው የጨርቅ ቁራጭ ዋጋ የምታውቅ ሴት ናት። ሂጉቺ በ1896 በ24 ዓመቷ ሞተች፤ በ2004 ምስሏ በ5000 የን ኖት ላይ ወጣ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዞሪ በጎማ ተሠርቶ ዓለምን ዞረ። በ1962 ብራዚል ውስጥ የወጣው ሃቫያናስ የተባለው ጫማ ገለባውን ለማስታወስ ሶሉ ላይ የሩዝ ፍሬ ቅርጽ አለው። እኛም ቤት ያለው የጎማ ነጠላ ጫማ የዚሁ ዘር ነው። የእሱ ማሰሪያ ግን እንደ ሃናኦ እንዲቀየር ታስቦ አልተሠራም፤ ሲበጠስ ወይ ይጣላል፣ ወይ እንደለመድነው ከሥሩ ምስማር ይሰካበታል።