ለጧትና ለማታ የሰፋ መንገድ፦ የሥራ ሰዓት ጉዞና የነዋሪ ደህንነት በአዲስ አበባ

በከተማ መንገድ ላይ የሚነሳ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወገን አለው። አንዱ ከቤቱ ተነስቶ በሰዓቱ ሥራ መግባት የሚፈልግ ተጓዥ ነው፤ ሌላው መንገዱ ደጃፉን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ነዋሪ። የፊተኛው የሚባክንበትን ደቂቃ ይቆጥራል፤ የኋለኛው ልጁ ከትምህርት ቤት በሰላም እስኪመለስ ዓይኑ ከመንገድ አይነቀልም። የከተማ አስተዳዳሪዎችም መሐንዲሶችም ሥራቸው የሁለቱን ፍላጎት ማመዛዘን እንደሆነ ያስባሉ። ሆኖም ሚዛኑ ላይ የሚወጣው በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚታየው መንገድ ብቻ ስለሆነ ምዘናው ገና ከመነሻው ያጋደለ ነው።

መንገድ ለመጨናነቅ ሰዓት ተብሎ ሲሰፋ፣ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ስፋቱ አብሮ አይሰበሰብም። ጧት ከ1 እስከ 3፣ ማታ ከ11 እስከ 1 ሰዓት የሚታየውን ሰልፍ ለማቃለል የተጨመረ ረድፍ በቀሩት 20 ሰዓታት እዚያው አለ። በእነዚህ ሰዓታት ባዶ ነው፤ ባዶ ረድፍ ደግሞ የፍጥነት ግብዣ ነው። በመጨናነቅ ሰዓት መኪናው መኪናውን ስለሚይዘው እግረኛ በቆሙ ተሽከርካሪዎች መካከል እየተሽሎከለከለ ያልፋል፤ ቢነካም በዝግታ በሚንቀሳቀስ መኪና ነው። ነዋሪው ከሁሉ የሚፈራው መንገድ ተጓዡ እቤቱ ከገባ በኋላ ያለው፣ ማንም የማያማርርበት፣ «ጭር ያለ» የሚባለው መንገድ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ይኸው ነው፦ የተጓዡ ጥያቄ የጥቂት ሰዓታት ሆኖ ሳለ መልሱ በአስፋልት ስለሚሰጥ፣ ነዋሪው ዋጋውን ቀን ከሌሊት ይከፍላል።

አዲስ አበባ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት፤ ምክንያቱም እዚህ «ተጓዥ» ሲባል ባለመኪና ማለት አይደለም። በከተማዋ ከሚደረጉ ጉዞዎች ከግማሽ በላዩ በእግር የሚደረጉ ናቸው። ከቀሩት ውስጥ ብዙዎቹ በሚኒባስ፣ በአውቶቡስና በቀላል ባቡር የሚከናወኑ ሲሆን የግል መኪና ድርሻ ከሁሉም ያነሰ ነው። የሟቾች ዝርዝርም ይህንኑ ይከተላል፤ በከተማዋ በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸው ከሚያልፍ 5 ሰዎች 4ቱ ያህሉ እግረኞች ናቸው። ስለዚህ ተጓዡና ነዋሪው ሁለት የተለያዩ ሕዝቦች አይደሉም። ጧት ከአያት በሚኒባስ መጥታ መገናኛ የምትወርድ ሠራተኛ ታክሲው ውስጥ እስካለች የትራፊክ ፍሰት አካል ናት፤ «ወራጅ አለ!» ብላ እግሯ መሬት የነካ ጊዜ የትራፊክ ፍሰት እንቅፋት ትሆናለች። ረዳቱ በሩን የሚከፍተው ደግሞ ሁልጊዜ ጥግ ላይ ስላልሆነ፣ ይህ የማንነት ለውጥ አንዳንዴ መሐል አስፋልት ላይ ይፈጸማል።

ይህ የአመለካከት መዛነፍ ከቆጠራው ይመነጫል። የመንገድ ጥናት ሲደረግ ዳር ቆመው ወረቀት ላይ ምልክት የሚያደርጉ ልጆች የሚመዘግቡት በመንገዱ ርዝመት የሚያልፈውን ነው፦ የቤት መኪና፣ ሚኒባስ፣ አውቶቡስ፣ የጭነት መኪና። ከዚያ ሁሉም ወደ «የቤት መኪና አቻ» ይመነዘራል። በዚህ ስሌት አንድ አውቶቡስ እንደ 2 ወይም 3 የቤት መኪና ይያዛል፤ ስድሳ ሰው ቢጭንም የሚቆጠርለት አስፋልት ላይ የያዘው ቦታ ነው። መንገዱን በአግድም የሚያቋርጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከቅጹ ውስጥ የለም። ዳቦ ሊገዛ፣ ወፍጮ ቤት ሊደርስ፣ ለቅሶ ሊቀመጥ የሚሻገር ሰው በመንግሥት መዝገብ ላይ በቁጥር የሚሰፍረው በተገጨ ዕለት በትራፊክ ፖሊስ በኩል ነው። እንዲህ ያለ ቆጠራ ይዞ የሚመጣው ምክር አስቀድሞ ይታወቃል፤ አስፉት፣ አጥሩት፣ እግረኛውን ወደ ላይ አውጡት።

እ.ኤ.አ. በ1998 በአንድ የቻይና ተቋራጭ ግንባታው የተጀመረውና ርዝመቱ ከ30 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የቀለበት መንገድ ይህን ምክር በኮንክሪት አሳይቷል። መንገዱ ከተማዋ ፈጽሞ ያልነበራትን አቅም እንደሰጠ አይካድም። መሐል ከተማውን ሳይነኩ ከቃሊቲ ወደ መገናኛ፣ ከጦር ኃይሎች ወደ ሳሪስ መድረስ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሲነደፍ ሜዳ ላይ እንዳለ አውራ ጎዳና ተደርጎ የታሰበው መንገድ በሰፈሮች መካከል ነው ያለፈው፤ ከተማዋም ፈጥና ዙሪያውን ሞላችው። የኮንክሪት አካፋዩን ዘሎ የሚሻገር ሰው ማየት ለአዲስ አበቤ ብርቅ አይደለም። «ሕዝባችን ሥርዓት የለውም» የሚለው ወቀሳም የዚያኑ ያህል የተለመደ ነው።

ወቀሳውን ከመቀበል በፊት ሒሳቡን ማየት ይሻላል። የእግረኛ ድልድይ ከሥሩ የጭነት መኪና ማሳለፍ ስላለበት ከአስፋልቱ ከ5 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። አንዱ የደረጃ እርከን 17 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ከ30 የማያንስ ደረጃ ወጥቶ ያንኑ ያህል መውረድ ይጠይቃል። ልጅ ያዘለች እናት፣ ሃያ ሊትር ጄሪካን የተሸከመች ልጅ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንት፣ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ይህን ሲያስቡ ከፊታቸው ያለው አስፋልት አጭር ነው። ድልድዩ በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ግን ዋና ጥቅሙ ለመኪናው ነው፤ አሽከርካሪውን ፍጥነት ከመቀነስ ያድነዋል። ልፋቱን በሙሉ ሞተር በሌለው ላይ ከጫኑ በኋላ ልፋቱን ያልተቀበለውን መውቀስ ለእኔ ትክክል ሆኖ አይታየኝም።

አሁን ደግሞ አስፋልቱን እንለካው። በእያንዳንዱ አቅጣጫ 3 ረድፍ ያለው፣ የአንዱ ረድፍ ስፋት 3.5 ሜትር የሆነ መንገድ 21 ሜትር ይሰፋል። ጤነኛ ጎልማሳ በሰከንድ 1.2 ሜትር ቢራመድ ለመሻገር 17.5 ሰከንድ ይፈጅበታል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በዚህ ጊዜ ውስጥ 290 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህ ማለት እግረኛው በሁለቱም አቅጣጫ ሦስት መቶ ሜትር ለሚጠጋ ርቀት ባዶ መንገድ ማግኘት፣ ያንንም በምሽት በመኪና መብራት እየገመተ መወሰን አለበት። ይህ ሰው የማይችለው ግምት ነው። እዚያው መንገድ መሐል በቂ የእግረኛ ማረፊያ ቢሠራ የሚሻገረው በአንድ ጊዜ ግማሹን ብቻ ስለሚሆን የሚያስፈልገው ክፍተት ወደ 146 ሜትር ይወርዳል። ፍጥነቱ ወደ 30 ቢቀንስ ደግሞ 73 ሜትር ይበቃዋል። ሰውየውም መንገዱም ያው ናቸው፤ የሚጠየቀው ግምት ግን ወደ ሩብ ወረደ።

ተጓዡ በዚህ ምን ያጣል? አንድ ኪሎ ሜትር በሰዓት 50 ለሚነዳ 72 ሰከንድ፣ በ30 ለሚነዳ 120 ሰከንድ ይወስዳል። ልዩነቱ 48 ሰከንድ ነው፤ ያውም በመንገዱ ላይ መብራት፣ አደባባይና የሚቆም ሚኒባስ ከሌለ። እነዚህ ሁሉ በሞሉበት ከተማ የጉዞን ርዝመት የሚወስነው መጋጠሚያ ላይ የሚባክነው ጊዜ ነው። በሁለት አደባባዮች መካከል የተገኘው ፍጥነት የሚያደርሰው ወደሚቀጥለው ሰልፍ ጅራት ነው። ነዋሪው በምላሹ የሚያገኘው ግን ቀላል አይደለም። አሽከርካሪ አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በ30 የሚነዳው 13 ሜትር ገደማ ላይ ፈጽሞ ቆሟል፤ በ50 የሚነዳው እዚያው ነጥብ ላይ ገና ፍሬኑን አልነካም። የዓለም ጤና ድርጅትም አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚዳርግ አደጋ በ4 በመቶ እንደሚጨምር ይገልጻል።

ሞት ብቻውን የነዋሪው ኪሳራ መለኪያ አይደለም። ዶናልድ አፕልያርድ የተባለው የከተማ ንድፍ ምሁር በሳን ፍራንሲስኮ ሦስት ተመሳሳይ ጎዳናዎችን አወዳድሮ ነበር። በቀን 2,000 ያህል መኪና በሚያልፍበት ጎዳና የሚኖር ሰው በጎዳናው ላይ በአማካይ 3 ወዳጆችና ከ6 በላይ የሚያውቃቸው ሰዎች ነበሩት። ወደ 16,000 በሚጠጋበት ጎዳና ወዳጁ ከአንድ ያነሰ፣ የሚያውቀው 3 ሰው ገደማ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመው ይህ ጥናት ወደ እኛ ሲመጣ ሌላ ስፋት ያገኛል። ዕድሩ፣ እቁቡ፣ የቡና መጠራራቱ በእግር መንገድ ላይ የቆሙ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሐዲዱ በመሬት ላይ በሚያልፍባቸው ቦታዎች መሐል መንገዱን በአጥር ሲከፍለው፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ቤቶች ረጅም ዙሪያ የሚጠይቁ ሩቅ ጎረቤቶች ሆነዋል። በዕድሜ የገፉ እናት ማዶ ያለውን ማኅበር ቢተዉ የአደጋ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። እንዲያውም ሰው መሻገሩን ሲተው መንገዱ በቁጥር «ደህና» ይመስላል፤ የአደጋ ቁጥርን ብቻ ይዞ መንገድን ማመስገን ለዚህ ነው የሚያሳስተው።

ተቃውሞው ይታወቃል፦ ረድፍ ብትቀንሱ፣ ፍጥነት ብታወርዱ ከተማዋ ትቆማለች። ተመራማሪዎቹ ኬርንስ፣ አትኪንስና ጉድዊን ከ11 አገሮች 70 ያህል የመንገድ ማጥበብ ገጠመኞችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ በግማሾቹ አጠቃላይ የተሽከርካሪ ብዛት ከ11 በመቶ በላይ ቀንሶ አግኝተዋል። ሰው ሰዓቱን ይቀይራል፣ ጉዞውን ያጣምራል፣ መኪናውን ይተዋል። ይህን ግኝት እኛ ዘንድ እንዳለ መገልበጥ ግን አልደፍርም። ምርጫ ባለበት ከተማ የቀረ ጉዞ በአውቶቡስ ወይም በብስክሌት ተተክቶ ይሆናል፤ ሚኒባስ ተሰልፎ በሚጠበቅበት ከተማ የቀረ ጉዞ የቀረ የቀን ሥራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ረድፍ መቀነስ ከአውቶቡስ ቅድሚያ ጋር ካልተያያዘ ሸክሙን ከአንዱ ድሃ ወደ ሌላው ያዞራል። ሌላም መዘዝ አለው። ዋናው መንገድ ሲያዝ አሽከርካሪ ወደ ውስጥ ለውስጥ ይገባል። በነዋሪ መዋጮ ጭምር ኮብልስቶን የተነጠፈበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ቅያስ የአቋራጭ ፈላጊዎች መተላለፊያ ሲሆን የሰፈሩ ሰው ድንጋይ ደርድሮ ይዘጋዋል፤ ወይም በራሱ ወጪ ጉብታ ያሠራል። ሕጋዊ አይደለም ሊባል ይችላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኔዘርላንድስ፣ በአንድ ዓመት ከ3,000 በላይ ሰው፣ ከእነዚህም ከ400 በላይ ሕፃናት ከሞቱ በኋላ ወላጆች ጎዳና ዘግተው የጀመሩት ንቅናቄ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ መንግሥት በ1976 እ.ኤ.አ. ለመኖሪያ ጎዳናዎች የተለየ ሕጋዊ ደረጃ እስከ መስጠት ደርሷል።

እዚህም ፈር የቀደዱ ሙከራዎች አሉ። ለገሃር መጋጠሚያ ላይ በቀለምና በቀላል መከለያ ማዕዘኖቹን ወደ ውስጥ ገፍቶ መሻገሪያውን ማሳጠር በአነስተኛ ወጪ ምን እንደሚቻል አሳይቷል፤ ማዕዘን ሲሾል መኪና ሳይወድ በግድ ቀስ ብሎ ይታጠፋል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው «መንገድ ለሰው» ጎዳናዎችን ለሰዓታት ከመኪና ነፃ አድርጎ ሕዝቡን አስፋልቱ ላይ አውጥቷል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ለረጅም ዘመን ችላ የተባለውን የእግረኛ መንገድ አስፍቷል፣ የብስክሌት መስመር ጨምሯል፣ መብራት ተክሏል። በልማቱ ምክንያት የነዋሪው ከቦታው መነሳት ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ከደህንነት አንጻር ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል፦ በመንገዱ ዳር መራመድ ተመቸ ማለት መንገዱን ማቋረጥ አብሮ ይመቻል ማለት አይደለም። አዲስ የተነጠፈ፣ ቀጥ ያለና በመብራት የተጥለቀለቀ አስፋልት ለእግረኛ መንገዱን የሚያሳየውን ያህል አሽከርካሪውንም «ጫነው» ይለዋል። ዜብራው ከፍ ብሎ ካልተሠራ፣ በሁለት መሻገሪያዎች መካከል ያለው ርቀትም ሰው በተፈጥሮው ከሚሻገርበት ቦታ ጋር ካልተገናኘ፣ ቀለሙ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

የሰዓት ጉዳይ ከሁሉም በላይ ጎልቶ የሚታየው በጭነት መኪናዎች ላይ ነው። ከባድ ተሽከርካሪዎች በቀን በከተማዋ እንዳይዘዋወሩ የሚጣለው ገደብ በግልጽ ለተጓዡ የታሰበ ነው፤ ጥቅሙም እውነት ነው። ገደቡ ግን ጭነቱን አያጠፋውም፣ ወደ ሌሊት ያሻግረዋል። ከሞጆና ከጅቡቲ መስመር የሚመጣው ዕቃ፣ ለግንባታ የሚመላለሰው አሸዋና ጠጠር፣ ቀን ለቤት መኪና በሰፋው ባዶ ጎዳና ላይ በቃሊቲና በሳሪስ ነዋሪ ደጅ ያልፋል። ትራፊክ ፖሊስ በብዛት የሚሰማራው ደግሞ መኪና በሚበዛበት ሰዓት ነው፤ ሥራው ፍሰት ማስተካከል ተደርጎ ስለሚታይ። የገደቡ ደንብ ሲጻፍ የሌሊቱን ፍጥነት፣ ማታ የሚዘጋ የዳር ረድፍንና የሌሊት ፈረቃን በዚያው አንቀጽ ማካተት ተጨማሪ አስፋልት አይጠይቅም። ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ የዳር ረድፉን ለመኪና ማቆሚያ መፍቀድ ብቻ እንኳ ባለ 6 ረድፉን መንገድ ባለ 4 ያደርገዋል፤ ለመሻገር የሚያስፈልገው 17.5 ሰከንድም ወደ 12 ይወርዳል፣ እግረኛው በቆሙት መኪናዎች መካከል እንዳይሸፈን መሻገሪያው አጠገብ ክፍት ቦታ እስከተተወለት ድረስ።