«እውቅና» ምን ማለት ነው? ቃሉ ከየት መጣ? ጎንደር ላይስ ምን ሠራ?

ኮሌጁ «እውቅና አለኝ» ይላል። ጥምቀት «ዓለም አቀፍ እውቅና አገኘ» ይባላል። የሰፈር ማኅበር ለጡረተኛ መምህር «የእውቅና ሰርተፍኬት» ይሰጣል። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚያስከትለው ነገር ግን በጣም ይለያያል። እስኪ ከሥሩ እንጀምር።

የቃሉ ምንጭ

ሥሩ «ዐወቀ» ነው። የግዕዝ ዘመዱ «ዖቀ» ማወቅንም መጠንቀቅንም ያመለክታል። አንዳንዶች በዐይኑ «ዕ» «ዕውቅና» ብለው የሚጽፉት ለዚህ ነው። ስልክ ላይ የለመድነው «እውቅና»ም ያስኬዳል። መጨረሻው ላይ ያለው «ና» ከግስ ስም ያወጣል፦ ሸመገለ፣ ሽምግልና፤ ጎረመሰ፣ ጉርምስና። እውቀት፣ አዋቂ፣ ታዋቂ፣ ማስታወቂያ፣ ትውውቅ ሁሉ ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው።

የእንግሊዝኛው «ሪኮግኒሽን» ከላቲን የመጣ ሲሆን ጥሬ ትርጉሙ «ዳግመኛ ማወቅ» ነው። እንግሊዝኛ መልክ መለየትንም አገር መቀበልንም በዚሁ ቃል ይጠራል። አማርኛ ግን ይለያቸዋል። ፒያሳ ላይ የድሮ ጓደኛህን ብታገኝ «አላወቅኸኝም እንዴ?» ትለዋለህ እንጂ «እውቅና አልሰጠኸኝም» አትለውም። እውቅና የሚባለው ሥልጣን ያለው አካል «አውቄዋለሁ፣ ተቀብዬዋለሁ» ብሎ በይፋ ሲናገር ነው።

1. የቅርስ እውቅና

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። ፋሲል ግቢ በ1979 ተከተለ፤ ጥምቀት ደግሞ በ2019 በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዘገበ። ተመዘገበ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም። ዋልያ ሲመናመን፣ እርሻና ግጦሽ ሲገፋው ፓርኩ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ። ከዚያ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ነው።

2. የአገር እውቅና

ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር እንግሊዝ እ.ኤ.አ በ1938 ለወረራው እውቅና ሰጠች። አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና ሜክሲኮ እምቢ አሉ። አዲስ አበባ ያለው የሜክሲኮ አደባባይ የዚያ ውለታ ማስታወሻ ነው። ኅዳር 1934 ዓ.ም የጣሊያን ጦር ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ እንግሊዝ ራሷ ከአርበኞች ጎን ተሰልፋ ነበር።

3. የማንነት እውቅና

በወለቃ፣ በአምቦበርና በሌሎች የጎንደር መንደሮች የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ሰንበታቸውን ያከበሩት ማንም ሳያጸድቅላቸው ነው። ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ በ1973 አይሁድ መሆናቸውን አወጁ፤ በ1975 ደግሞ የእስራኤል መንግሥት የመመለስ ሕጉ እነሱንም እንደሚመለከት ተቀበለ። ሰዎቹ ያው ናቸው። የተለወጠው በሕግ የሚፈቀድላቸው ነገር ነው።

4. የኮሌጅ እውቅና (ይቺን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ!)

ለግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት እውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፦ እውቅና ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይሰጥም። የሚሰጠው ለትምህርት ዘርፉ፣ ለደረጃው፣ ለካምፓሱና ለአሰጣጡ፣ ማለትም ለመደበኛው፣ ለማታው ወይም ለርቀቱ ነው። አዲስ አበባ ያለው ካምፓስ በአካውንቲንግ እውቅና ስላለው የጎንደሩ ቅርንጫፍ ነርሲንግ ማስተማር ይችላል ማለት አይደለም። እውቅናው ጊዜም አለው፤ ካልታደሰ ያበቃል።

ስለዚህ መመዝገቢያ ከመክፈላችሁ በፊት «እውቅና አላችሁ?» ብቻ አትበሉ። «ለዚህ ትምህርት፣ በዚህ ካምፓስ፣ እስከ መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ደብዳቤውን እዩ፤ ከባለሥልጣኑም አጣሩ። ያለ እውቅና የተማሩት ትምህርት ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል፤ ወረቀቱ ግን ሥራ ማስቀጠሩ ቀርቶ ለማስተርስም አያስመዘግብም።

ዘንድሮ ኮሌጅ ለሚፈልግ ወንድም እህታችሁ አጋሩት።