ንጹሕ ወረቀት የያዘችው መርከብ

ታሉኔ የምትባለው የእንፋሎት መርከብ ከኒውዚላንድ ኦክላንድ ወደብ የተነሳችው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1918 ነበር። በዚያን ሰሞን ኦክላንድ በኢንፍሉዌንዛ እየታመሰች ነበር። መርከቧ ግን ስትነሳ የጤና ወረቀቷ ንጹሕ ነበር፤ «ተላላፊ በሽታ የለባትም» የሚል። ወረቀቱን የፈረመው ሹም ዋሽቷል ማለት ያስቸግራል። ኢንፍሉዌንዛ በጊዜው ለመንግሥት ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ዝርዝሩ ላይ የሌለ በሽታ ደግሞ ቅጽ ላይ አይሞላም። ከተማው ታሟል፣ ወረቀቱ ጤነኛ ነው።

መርከቧ መንገድ ላይ ፊጂ ደረሰች። በሱቫ ወደብ ተሳፋሪዎቿ እንዳይቀላቀሉ ተለይታ እንድትቆም ተደረገ። ከዚያ ተነስታ ኖቬምበር 7 ቀን አፒያ ገባች። አፒያ በዚያን ጊዜ በኒውዚላንድ ጦር አስተዳደር ሥር የነበረችው የምዕራብ ሳሞአ ዋና ከተማ ናት። ካፒቴኑ ፊጂ ላይ ተለይተው መቆማቸውን ለወደቡ ሐኪም አልተናገረም፤ ሐኪሙም አጥብቆ አልመረመረም። ከተሳፋሪዎቹ መካከል የታመሙ እያሉ ሁሉም እንዲወርዱ ተፈቀደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። በሳምንት ጊዜ ውስጥ በሽታው ደሴቱን አዳረሰ። ቤተሰብ በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደቀ፤ ምግብ የሚያበስል፣ ውኃ የሚያቀብል፣ ሬሳ የሚያነሳ ጠፋ። 38,000 ገደማ ከነበረው ሕዝብ ውስጥ 8,500 ያህሉ አለቀ። ከአምስት ሰው ከአንድ በላይ ማለት ነው። መርከቧ ጉዞዋን ቀጥላ በሽታውን ለቶንጋም አደረሰች።

ከአፒያ 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሌላዋ ሳሞአ አለች፣ የአሜሪካኗ። ሕዝቡ አንድ፣ ቋንቋው አንድ፣ ዘመዳሞች ናቸው። የዚያ ገዥ ጆን ፖየር የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። ፖየር ስለ ወረርሽኙ እንደ ሰማ ወደቡን ዘጋ፤ የሚመጣ መርከብ ተለይቶ እንዲቆም አዘዘ። የየመንደሩ ሰዎችም በገዛ ጀልባቸው የባሕሩን ዳር እየጠበቁ ከወዲያ የሚመጣውን ዘመዳቸውን ጭምር መለሱ። ዘመድን ከደጅ መመለስ ለየትኛውም ሕዝብ ቀላል ነገር አይደለም። በአሜሪካን ሳሞአ በዚያ ወረርሽኝ የሞተ ሰው የለም። አንድም። የአፒያው አስተዳዳሪ ኮሎኔል ሎጋን በበኩሉ ከእርሱ ግዛት የሄደ ጀልባ ተለይቶ እንዲቆም መደረጉ አናደደውና ከጎረቤቱ ጋር የነበረውን የሬዲዮ ግንኙነት አቋረጠ። ሕዝቡ እየሞተ ሳለ ኩራቱ የተነካው ሹም ስልክ ዘጋ እንደማለት ነው።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታሉኔ አፒያ የገባችው ጥቅምት 28 ቀን 1911 ዓ.ም ነው። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባም በዚያው በሽታ ተይዛ ነበር። «የኅዳር በሽታ» የተባለው ይኸው ነው። በከተማዋ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደ ሞተ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት፣ ከተማው በጭስ የሚታፈንበት ልማድ የዚያ መታሰቢያ ሆኖ ቀርቷል። ጭሱ ቫይረሱን አላባረረም። ሰዉ ግን ትክክለኛውን ነገር ጠርጥሮ ነበር፤ በሽታው በአየር እንደሚሄድ።

ለይቶ ማቆየት ያኔም ቢሆን አዲስ ጥበብ አልነበረም። ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምትባለው የአድሪያቲክ ባሕር ወደብ እ.ኤ.አ. በ1377 ከወረርሽኝ አገር የሚመጣ ሰው ከከተማው ውጭ ሠላሳ ቀን እንዲቆይ ደንግጋለች። ቬኒስና ሌሎች ወደቦች ቀኑን ወደ አርባ አሳደጉት፤ ኳራንቲን የሚለው ቃልም በጣልያንኛ አርባ ከሚለው ቁጥር የመጣ ነው። አስገራሚው፣ እነዚያ ሰዎች በሽታውን የሚያመጣው ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። የወረርሽኙ ባክቴሪያ የተገኘው ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1894 ነው። ሳያውቁ የሠራላቸው አንድ ነገር ስለረዳቸው ነው፤ መርከብ ቀርፋፋ ነበር። ከሩቅ የተነሳ ሰው በሽታ ካለበት ብዙውን ጊዜ ባሕር ላይ እያለ ይታወቅበታል። ጉዞው ራሱ ምርመራ ነበር።

አውሮፕላን ይህን አፈረሰው። በጀት አውሮፕላን የትኛውም ከተማ ከየትኛውም ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ሆነ። ጉንፋን መሰል በሽታ ሰው ላይ ምልክት እስኪያሳይ ቀናት ይፈጅበታል። ስለዚህ ተሳፋሪው ጤነኛ መስሎ ይሳፈራል፣ ጤነኛ መስሎ ይወርዳል፣ የሚታመመው እቤቱ ገብቶ ዘመድ «እንኳን ደኅና መጣህ» ሊለው ሲመጣ ነው።

አውሮፕላን ውስጥ ምን እንደሚሆን መጀመሪያ በደንብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1977 አላስካ ውስጥ የደረሰ ነገር ነው። 54 ሰዎች የያዘ አንድ ጀት ሊነሳ ሲል ሞተሩ ተበላሽቶ መሬት ላይ ቀረ። ብዙዎቹ ተሳፋሪዎች ጥገናውን ለሰዓታት ውስጥ ሆነው ጠበቁ። የአየር ማስተላለፊያው ጠፍቷል። ከመካከላቸው አንዲት ሴት ክፉኛ እየሳለች ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ከተሳፋሪዎቹ 72 በመቶው በኢንፍሉዌንዛ ተያዙ። ረዘም ላለ ጊዜ ውስጥ የቆዩት ይበልጥ ታመሙ።

ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ «አውሮፕላን የበሽታ ጎሬ ነው» ለማለት ይጠቀሳል። የሚያሳየው ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ሁሉ ሰው የያዘው በረራው አልነበረም፤ መቆሙ ነው። በአየር ላይ ያለ ዘመናዊ አውሮፕላን የውስጡ አየር በየሁለትና ሦስት ደቂቃው ይለወጣል። ግማሽ ያህሉ ከውጭ የሚገባ ነው፤ ቀሪው ተመልሶ የሚዞረው ሄፓ በተባለ፣ ጥቃቅን ቅንጣቶችን ከ99.9 በመቶ በላይ በሚይዝ ማጣሪያ አልፎ ነው። እንዲህ ያለ አየር አብዛኛው ቢሮና አብዛኛው ታክሲ የለውም። አደጋው ያለው ሰው ተጨናንቆ ሲሳፈር፣ አውሮፕላኑ ሞተሩን አጥፍቶ ሲቆም፣ ሲወረድም በመተላለፊያው ላይ ሁሉም ሻንጣውን ይዞ ሲጋፋ ነው። ከራስ በላይ ያለችውን ትንሿን የአየር ቀዳዳ «በረደኝ» ብሎ የሚዘጋ ተሳፋሪ ያላሰበበትን መከላከያ እየዘጋ ነው።

ማጣሪያው ግን አጠገብ የተቀመጠ ሰው የሚያስለውን አይደርስበትም። እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2003 ከሆንግ ኮንግ ወደ ቤጂንግ በበረረ አውሮፕላን ላይ ሳርስ የያዘው የ72 ዓመት አዛውንት ነበር። በረራው ሦስት ሰዓት ነው፤ የነበሩት 120 ሰዎች ናቸው። በኋላ ሲቆጠር ከ20 በላይ የሚሆኑት ከዚያ በረራ ጋር የተያያዘ በሽታ ይዟቸዋል፤ ከእርሱ ሰባት ረድፍ ፊት የተቀመጡ ሳይቀሩ። ይህ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ነገር ግን ያው ጥናት የተመለከተው ሌላ በረራ ምልክት የሚታይባቸው አራት የሳርስ ሕሙማን ይዞ በሽታው የተላለፈው ምናልባት ወደ አንድ ሰው ብቻ ነው። ማን ከማን ጋር ተቀመጠ፣ ሕመምተኛው በሽታው የትኛው ደረጃ ላይ ነበር፤ ይህ ሁሉ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በአሥር በረራዎች ላይ የሰዉን እንቅስቃሴ ተከታትሎ በመስኮት በኩል የተቀመጠና ከቦታው የማይነሳ ሰው ከሌሎች ጋር ያለው ንክኪ አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። መስኮት ለደመና ብቻ አይደለም።

የመዝናኛ መርከብ ሌላ ዓለም ነው። አውሮፕላን ላይ የሚፈራው ትንፋሽ ሲሆን መርከብ ላይ ለብዙ ዓመት ስም ያተረፈው ኖሮ ቫይረስ የሚባለው የሆድ በሽታ ነው። ጥቂት ቅንጣት ይበቃዋል፤ ከመቶ ያነሱ ቅንጣቶች ሰውን በተቅማጥና በትውከት ሊጥሉ ይችላሉ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ የምግብ ማንሻ ማንኪያ፣ በአንድ የደረጃ መደገፊያ ለሳምንት ሲጠቀም ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የመርከብ ንጽሕና ፕሮግራም አቋቁማ ወደቦቿ የሚገቡ መርከቦችን ሳታስታውቅ መፈተሽ ጀመረች። ውጤቱ ከመቶ ነው፤ 85 እና ከዚያ በታች ያገኘ ወድቋል፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይፋ ይደረጋል። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በየመግቢያው የሚቀመጠው አልኮል ሳኒታይዘር ለኖሮ ቫይረስ ያን ያህል አይሠራም። አልኮል ጠንክሮ የሚያጠቃው የስብ ሽፋን ያላቸውን ቫይረሶች ነው፤ ኖሮ ሽፋን የለውም። የሚያነሳው ሳሙናና የሚፈስ ውኃ ነው። ከማዕድ በፊትና በኋላ በማስታጠቢያ እጅ ማስታጠብ የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ከዚያ 2020 መጣ። ዳይመንድ ፕሪንሰስ 3,711 ሰዎች ይዛ በዮኮሃማ ወደብ ስትቆም ዓለም በሙሉ በቴሌቪዥን ተመለከታት። ከእርሷ ላይ ሆንግ ኮንግ ወርዶ የነበረ አንድ አዛውንት ኮቪድ እንዳለበት የታወቀው ፌብሩዋሪ 1 ቀን ነው። መርከቧ ላይ ግን ራት ግብዣውና ትርዒቱ ለቀናት ቀጥሎ ነበር፤ ተሳፋሪው ክፍሉን ዘግቶ እንዲቀመጥ የታዘዘው ፌብሩዋሪ 5 ነው። እነዚያ ቀናት ብዙ አስከፍለዋል። በመጨረሻ 712 ሰዎች ተይዘው ከአሥር በላይ ሞቱ።

ስለዚያች መርከብ ሲወራ በረንዳ ላይ ቆመው እጃቸውን የሚያውለበልቡ ጡረተኞች ይታወሳሉ። የማይታወሱት 1,045ቱ ሠራተኞች ናቸው። «ሁሉም በክፍሉ ይቀመጥ» የሚለው ትእዛዝ እነርሱን አይመለከትም ነበር። ምግብ ማብሰል፣ በየበሩ ማድረስ፣ ሳህን መሰብሰብ ነበረባቸው። የሚያድሩት በታችኛው ፎቅ በጠባብ ክፍል ተዳብለው ነው፤ የሚበሉት በጋራ አዳራሽ ነው። ተሳፋሪው ከሠራተኛው ተለይቶ ተጠበቀ እንጂ ሠራተኛው ከማንም አልተለየም። ስለዚህ ለይቶ ማቆየት የተባለው ነገር ለከፊሉ ሰው ብቻ የተደረገ ነበር፤ ቫይረሱ ደግሞ ከትሪው ጋር ደረጃ ይወጣል። ከዚያች መርከብ የተገኘው ትልቁ እውቀትም ያኔ ብዙዎች ሊቀበሉት ያልፈለጉት ነበር፤ ሲመረመሩ ቫይረሱ ከተገኘባቸው ሰዎች ግማሽ የሚጠጉት ምንም ምልክት አልነበራቸውም።

ይህ እውቀት አዲስ አበባን በቀጥታ ይመለከት ነበር። በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቻይና የሚያደርገውን በረራ ባለማቋረጡ በአገር ውስጥም በውጭም ብርቱ ትችት ደረሰበት። ተቺዎቹ «በሩን ዝጉ» አሉ። የአየር መንገዱ መልስ መንገደኛው በሌላ ከተማ ዞሮ ስለሚመጣ በረራ ማቋረጥ ብቻውን በሽታውን አያስቀርም የሚል ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ይፋ የተደረገው የመጀመሪያው ታማሚ ጃፓናዊ ነበር፤ የመጣውም ከቻይና ሳይሆን ከቡርኪና ፋሶ ነው። ሁለቱም ወገን ይህን ለየራሱ ማስረጃ አደረገው። እውነቱ ግን ክርክሩ በተሳሳተ ጥያቄ ላይ መሆኑ ነው። በኤርፖርት በር ላይ ግንባር የሚለካ ቴርሞሜትር የሚይዘው ትኩሳት ያለውን ብቻ ነው፤ ግማሹ ምልክት የሌለው በሽታ እያለ ትኩሳት መለካት የታሉኔን ወረቀት በባትሪ እንደማሠራት ነው። የሚሠራው ጊዜ ነበር፤ የዱብሮቭኒክ ሰዎች ያገኙት፣ አውሮፕላን የነጠቀው ጊዜ።

በዚያው ወር መንግሥት የሚገባውን ሁሉ ለ14 ቀን ማቆየት ሲጀምር ይህ ጊዜ ተመለሰ። እኩል ግን አልተመለሰም። በትኬት የመጣው በራሱ ወጪ ሆቴል ገባ። ከሳዑዲ ዓረቢያ ከእስር ቤት ተጭነው የተባረሩት ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የተማሪ ማደሪያ ውስጥ እንዲቆዩ ተደረገ። እነዚህ ሰዎች አውሮፕላን ላይ መስኮት አልመረጡም፤ ከመሳፈራቸው በፊት በተጨናነቀ ክፍል ስንት ቀን ከማን ጋር እንደታሰሩ ማንም ቅጽ አይጠይቃቸውም። ስለ ጉዞ ጤንነት የሚሰጥ ምክር በሙሉ የሚጀምረው ተሳፋሪው ምርጫ አለው ብሎ ነው።

የኒውዚላንድ መንግሥት የታሉኔን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1919 በኮሚሽን አስመርምሮ ጥፋቱን በገዛ ሰዎቹ ላይ አገኘው። ይቅርታ የጠየቀው ግን በ2002 ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ሔለን ክላርክ አፒያ ድረስ ሄደው። በመካከል ያሉት 83 ዓመታት ባዶ አልነበሩም። የቅኝ አገዛዙን የታገለው ማው የተባለው የሳሞአ ንቅናቄ ከዚያ ወረርሽኝ ቁጣ ብዙ ጉልበት አግኝቷል። አያቶቻቸውን በጅምላ መቃብር የቀበሩት ሳሞአውያን በማርች 2020 የአገራቸውን በር ዘጉ። ቱሪዝማቸው ተንኮታኮተ፤ በውጭ የቀሩ ልጆቻቸው ለወራት ተራ ጠበቁ። ኮቪድ በሳሞአ ኅብረተሰብ ውስጥ መሰራጨት የጀመረው በማርች 2022 ነው፤ ያኔ አብዛኛው ሰው ክትባት ወስዶ ነበር።