ሊቀደድ የተቃረበ የልብ ደም ሥር ፕላክ እና የምስል ምርመራው

አደገኛ ፕላክ የሚባለው ለልብ ጡንቻ ደም በሚያደርሱ ቧንቧዎች ግድግዳ ውስጥ የተከማቸ፣ ሆዱ በስብና በሞቱ ሕዋሳት የተሞላ፣ ሽፋኑም የሳሳ ክምችት ነው። ሽፋኑ ሲቀደድ ስቡ ከደም ጋር ይገናኛል፤ ደሙ እዚያው ይረጋል፤ ቧንቧውም በደቂቃዎች ውስጥ ሊዘጋ ይችላል። አብዛኛው ሃርት አታክ የሚነሣው በዚህ መንገድ ነው። ይህን ክምችት ሳይቀደድ በፊት በምስል ለይቶ ማወቅ ይቻል እንደሆነ ተመራማሪዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲጠይቁ ቆይተዋል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካዊው ሐኪም ሜሰን ሶንስ በ1958 በክሊቭላንድ ክሊኒክ የአንድ ሕመምተኛ የልብ ቧንቧ ውስጥ በቀጥታ በገባ ቀለም የመጀመሪያውን የልብ ደም ሥር አንጂዮግራፊ ካገኘ ወዲህ፣ የልብ ሐኪሞች ዓይን ያረፈው በጥበት ላይ ነበር። ቧንቧው ምን ያህል ጠቧል? ግማሽ? ሦስት አራተኛ? ነገር ግን አንጂዮግራፊ የሚያሳየው ደሙ የሚሄድበትን ክፍት ቦታ ብቻ ነው። በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሾፌር የመንገዱን ስፋት ያያል፤ ከግድግዳው ጀርባ ተራራው ምን ያህል ውሃ እንደ ጠጣ ግን አያይም። በ1987 ሲሞር ግላጎቭ እና ባልደረቦቹ ቧንቧው ክምችቱን ለማስተናገድ ወደ ውጭ እንደሚሰፋ፣ ክምችቱም የቧንቧውን ስፋት 40 ከመቶ ያህል እስኪይዝ ድረስ የውስጡ መተላለፊያ ላይጠብ እንደሚችል አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት የወጡ ጥናቶች ደግሞ ሃርት አታክ የደረሰባቸውን ሰዎች የቀድሞ አንጂዮግራፊ መልሰው ሲያዩ፣ ብዙ ጊዜ የተዘጋው ቦታ ቀድሞ ያን ያህል ያልጠበበ ሆኖ አገኙት። በዘርፉ ታሪክ ከዚህ የበለጠ ሐሳብ ያስለወጠ ግኝት ያለ አይመስልም፤ ከዚያ ወዲህ ምርምሩ ከመተላለፊያው ወደ ግድግዳው ዞረ።

በ1997 የሬሳ ምርመራ ባለሙያዋ ሬኑ ቪርማኒ የተሳተፉበት ጥናት አደገኛውን ሽፋን በቁጥር ለካው፦ ከ65 ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከ0.065 ሚሊሜትር፣ የቀጠነ። ችግሩ ይህን ቅጥነት የሚያይ መሣሪያ ማግኘቱ ላይ ነው። ካቴተር በተባለ ቀጭን ቱቦ ጫፍ ወደ ቧንቧው የሚገባው አልትራሳውንድ ለይቶ የሚያሳየው ከ100 ማይክሮሜትር በላይ የሆነውን ነው። ስለዚህ የክምችቱን ብዛት በደንብ ይለካል፤ ሽፋኑን ግን በቀጥታ አያየውም።

ሽፋኑን ማየት የሚችለው በ1991 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች የቀረበው፣ ኦሲቲ የሚባለው የብርሃን ዘዴ ነው። በድምፅ ፈንታ ለዓይን በማይታይ ብርሃን ይሠራል፤ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ድረስም ይለያል። ቀይ የደም ሕዋሳት ብርሃኑን ስለሚበትኑት፣ ሐኪሙ ቀለም በመርጨት ደሙን ለጥቂት ሰከንዶች ይገፋዋል፤ በዚያች ቅጽበት እየተሽከረከረ የሚያበራው ቀጭን ሽቦ ወደ ኋላ ይሳባል። በስክሪኑ ላይ የቧንቧው ክብ ይወጣል፤ ጤናማው ግድግዳ በንብርብር ይታያል፣ ስብ ያለበት ቦታ ግን ጠርዙ ደብዝዞ ይጠቁራል፤ ከላዩም ቀጭን ደማቅ መስመር ይቀራል። ሐኪሙ የሚለካው ያችን መስመር ነው። የብርሃኑ ድክመት ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊሜትር በላይ ጠልቆ አለመግባቱ ነው። ሌላው የካቴተር ዘዴ፣ በኢንፍራሬድ ብርሃን የስብን ኬሚካዊ አሻራ የሚያነበው፣ በ2019 በ1,500 ገደማ ሰዎች ላይ ተፈትኖ ስብ የበዛበት ቦታ በኋላ ችግር እንደሚያመጣ አመልክቷል።

ትንበያው ግን ገና ጎደሎ ነው። በ2011 ውጤቱ የታተመው ፕሮስፔክት የተባለ ጥናት ሃርት አታክ ወይም ተመሳሳይ ድንገተኛ የልብ ሕመም የገጠማቸውን 697 ሰዎች ለሦስት ዓመት ያህል ተከታተለ። ብዙ ክምችት፣ የጠበበ መተላለፊያና የሳሳ ሽፋን በአንድ ላይ የተገኙባቸው ቦታዎች 18 ከመቶ ያህሉ በሦስት ዓመት ውስጥ ችግር አመጡ። ሽፋናቸው የሳሳ ከተባሉት ሁሉ ግን እጅግ የሚበዙት ምንም አላደረሱም። አንዳንዱ ሽፋን በራሱ ይጠግናል፤ አንዳንዱም ምልክት ሳያሳይ ተቀድዶ ይድናል። ስለዚህ «አደገኛ» የሚለው ስያሜ ስለ አንድ ቦታ ብቻ ሲነገር በጥንቃቄ መወሰድ አለበት።

ካቴተር የማያስፈልገው የሲቲ ስካን ምርመራ ለብዙ ሰው ተደራሽ ሊሆን ስለሚችል የበለጠ ክብደት ይገባዋል። ሕመምተኛው የልብ ምቱን የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ምቱ በደቂቃ 60 አካባቢ ሲወርድ ምስሉ ይጠራል። በክንዱ ቀለም ገብቶ ትንፋሹን ለጥቂት ሰከንዶች ይይዛል። ሐኪሙ የሚፈልገው ወደ ውጭ የተለጠጠ ግድግዳ፣ ጠቆር ያለ ስባም ክፍል፣ ነጠብጣብ ካልሲየም፣ እንዲሁም መሀሉ ጠቁሮ ዙሪያው እንደ ቀለበት የደመቀ ቅርጽ ነው። በስኮትላንድ 4,146 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2018 እንዳሳየው፣ በመደበኛው ምርመራ ላይ ሲቲ በተጨመረላቸው ሰዎች በአምስት ዓመት ውስጥ በልብ ደም ሥር ሕመም የሞቱት ወይም ሃርት አታክ የደረሰባቸው 2.3 ከመቶ ሲሆኑ፣ ባልተጨመረላቸው 3.9 ከመቶ ነበሩ። ያዳናቸው ጨረሩ አይደለም፤ ምስሉን ያየ ሐኪም ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን ስታቲንና አስፒሪን ለሚገባው ሰው በጊዜ ማዘዙ ነው። ስታቲን የሚወስድ ሰው ካልሲየሙ ሊጨምር ይችላል፤ ይህ ክምችቱ መጠንከሩን እንጂ መባባሱን የሚያሳይ ስላልሆነ ሕመምተኛው ሊደነግጥ አይገባም።

በ2024 የታተመው ፕሪቬንት የተባለ ጥናት ደግሞ በ1,606 ሰዎች ደም ሳይከለክሉ አደገኛ መስለው በታዩ ቦታዎች ላይ ስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ጥልፍልፍ ቱቦ) አስቀድሞ ማስገባት ይረዳ እንደሆነ ፈተነ። በሁለት ዓመት ችግር የገጠማቸው በስቴንት 0.4፣ በመድኃኒት ብቻ 3.4 ከመቶ ነበሩ። የልዩነቱ ትልቁ ክፍል ግን ከሞት ሳይሆን ከድጋሚ ሕክምናና ከሆስፒታል መተኛት የመጣ ነው፤ ስለዚህ ስቴንት ለሁሉ ይገባል ለማለት አያደርስም።

በኢትዮጵያ የልብ ምስል ምርመራ ያደገው በሌላ አቅጣጫ ነው። ሕፃናትንና ወጣቶችን የሚጎዳው፣ የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ በሚመጣ የቁርጥማት ትኩሳት የሚነሣው የልብ በር ሕመም ቀዳሚ ጭንቀት ስለነበር፣ ሐኪሞች የሠለጠኑት የልብ በርን በሚያሳየው ኢኮ ላይ ነው። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ሲስፋፋ የደም ሥሩም ጥያቄ ቀረበ፦ በ2015 በተካሄደው አገር አቀፍ የቅኝት ጥናት ከአዋቂዎች 16 ከመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። የካቴተር ምርመራ ግን በዋናነት ያለው አዲስ አበባ ነው።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚገኘው ጣርማ በር ለሚነሣ ሰው ይህ ማለት በደብረ ብርሃን በኩል 180 ኪሎሜትር ያህል መንገድ ነው። የሃርት አታክ ሕክምና በሰዓታት ስለሚለካ፣ ደረቱን ጨምቆ የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ኦሲቲ ሳይሆን በአቅራቢያው የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ኤሲጂ፣ አስፒሪን እና የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ነው። ቀደም ብሎ ለመከላከል ደግሞ የግፊት መለኪያና የኮሌስትሮል ምርመራ በየጤና ጣቢያው መዳረስ አለበት። ከዚያ ቀጥሎ የሚታሰበው፣ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ሳይንስ ካምፓስ ባለበት በደብረ ብርሃን፣ ከልብ ምት ጋር ተናብቦ የሚሠራ ሲቲ ስካንና ምስሉን የሚያነብ የሠለጠነ ራዲዮሎጂስት ማኖር ነው።