ፒክስልና ኢንች፦ የ72 እና የ96 ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ወንዝ ፍሰት የሚያሳይ ግራፍ በኮምፒዩተር አዘጋጅቼ፣ ከሥሩ «1 ሴንቲሜትር ለ10 ሜትር ኩብ በሰከንድ» ብዬ ስኬሉን ጻፍሁ። ጥናቱ ታትሞ ሲወጣ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ማስመሪያቸውን አንሥተው ለኩና «ሠንጠረዡ 80 የሚለውን ማስመሪያው 60 ይለዋል፤ ድልድዩን በየትኛው ልሥራው?» አሉኝ።

ስሌቱን ደጋግሜ ብመረምር ስሕተት አላገኘሁበትም። ነገሩ ሌላ ነበር። ግራፉን የሣለው ፕሮግራም አንዱን ኢንች 72 ፒክስል አድርጎ ሲቆጥር፣ ጽሑፉን ያቀናበረው ፕሮግራም 96 አድርጎ ቆጥሮት ኖሯል፤ ስለዚህ 8 ሴንቲሜትር የነበረው ቁመት በወረቀት ላይ 6 ሆነ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከወዴት እንደ መጡ ማወቁ ለሙያ ባልደረቦቼ የሚበጅ ስለ መሰለኝ ታሪካቸውን ባጭሩ አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፒክስል የሥዕል አካል ማለት ሲሆን፣ ቃሉ በ1960ዎቹ አጋማሽ በጠፈር ሥዕሎች ምርምር ጽሑፎች ላይ ታየ። በራሱ ርዝመት የለውም። ኢንች ግን በ1959 በተደረገ ስምምነት ልክ 25.4 ሚሊሜትር ሆኗል። በሁለቱ መካከል የማተሚያ ቤቱ ፖይንት ይገኛል። የአሜሪካ ፊደል ለቃሚዎች ፖይንት በአንድ ኢንች ውስጥ 72.27 ገደማ ይገባ ነበር፤ አዶቤ ኩባንያ በ1984 ፖስትስክሪፕት የተባለውን የገጽ ቋንቋ ሲያወጣ ትርፍራፊውን ቆርጦ 72 አደረገው።

በዚያው ዓመት የወጣው የአፕል ማኪንቶሽ ባለ 9 ኢንች ስክሪን በአግድም 512፣ በቁም 342 ፒክስል ነበረው፤ በአንድ ኢንችም 72 ፒክስል ተደርድሮበት ነበር። አንዱ ፒክስል አንድ ፖይንት ሆነ ማለት ነው። ኢሜጅራይተር የተባለው ማተሚያ ደግሞ በኢንች እስከ 144 ነጥብ፣ ማለትም ልክ እጥፉን ያትም ስለ ነበር፣ በስክሪን የታየው ሥዕል በዚያው መጠን በወረቀት ላይ ይወጣ ነበር። ማስመሪያን ስክሪን ላይ አስደግፎ መለካት የሚያዋጣበት ዘመን ቢኖር ያ ነበር።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ሌላ መንገድ መረጠ። ስክሪን ከወረቀት ይልቅ ከዓይን በሲሶ ያህል ይርቃል፤ በ72 ፒክስል የተሣሉ ትንንሽ ፊደሎችም ለማንበብ ያስቸግራሉ። ስለዚህ ሁሉም በሲሶ እንዲተልቅ ተደረገ፤ በ72 ላይ ሲሶው ሲጨመር 96 ይሆናል። ለዓይን መልካም ሐሳብ ነው። ለስኬል ግን የዊንዶውስ ኢንች ከጥንቱም የብረት ማስመሪያ ኢንች አልነበረም።

የግራፍ ፕሮግራሞች ይህን ሁሉ ወረሱ። ጆን ሀንተር በ2003 ያወጣው ማትፕሎትሊብ የገጹን ስፋት በኢንች ተቀብሎ በፒክስል ብዛት ያባዛል። ቀድሞ ያለ ትእዛዝ የሚሠራው 8 በ6 ኢንች፣ በኢንች 80 ፒክስል ነበር፤ በ2017 ወደ 6.4 በ4.8 ኢንችና ወደ 100 ፒክስል ተለወጠ። አባዝተን ብናየው ሁለቱም 640 በ480 ናቸው። በስክሪን ላይ ምንም ያልተነካ ግራፍ በወረቀት ላይ አንድ አምስተኛውን አጣ!

ፒኤንጂ የተባለው የሥዕል ፋይል በአንድ ሜትር ስንት ፒክስል እንዳለ የሚጻፍበት ቦታ አለው፤ 72 በኢንች የሆነው 2835 ተብሎ ይመዘገባል። ቦታው ባዶ ቢቀር ግን ፋይሉን የሚቀበለው ፕሮግራም የራሱን ግምት ይሞላበታል። የእኔም ፋይል ባዶ ነበር። ግራፉን እንደ ገና ስሠራ ከሥሩ የነበረውን ጽሑፍ ሰርዤ፣ 10 ሜትር ኩብ በሰከንድን የሚወክል የስኬል መስመር በሥዕሉ ውስጥ አሠመርሁ፤ ግራፉ ቢያንስም ቢተልቅም መስመሩ አብሮት ያንሳል፣ አብሮት ይተልቃል።